ንቧ ዘመዶቿ ጋ ትሂድ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም፣ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ካላመናችሁ መብታችሁ ነው፤ ዝም ብላችሁ እለፉት። ኮሜንት ላይ "ሐኪም ጋ ሂጂ" የምትሉኝ ግን አደራችሁን... ሄጃለሁ። "ጸልዪ" የምትሉኝም፣ እናንተ ሳትነግሩኝ ነው ጉልበቴ ያለቀው።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።

ፀሐይ ወጥታለች። መብራት አልጠፋም። ውጪ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፣ ጎረቤት ሙዚቃ ከፍቷል።

ጨለማ ቢሆን እኮ እኔም "ፈርቼ ነው" እል ነበር።

ቦታው መካኒሳ አቦ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የልጆች ማንበቢያ ክፍል ነው። አንዲት ደግ ሴት የከፈቱት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዝናብ ሲጥል መነጋገር አይቻልም። ስሜ ሸዋረገድ ይባላል። መጽሐፍ የማውሰውም፣ አቧራ የማራግፈውም፣ ልጆቹን የማስተምረውም እኔ ነኝ።

አንድ ልጅ ነበረችኝ። ዝማሬ።

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ አተኮሳት፤ ይዘናት ሆስፒታል ገባን፤ ባዶ እጃችንን ወጣን። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ፣ አልችልም።

ከዚያ ዘመድ አዝማድ ለእኔ አስቦ ልብሷን ለሰው ሰጠ። ፎቶዋን ከግድግዳ አወረደ። አልጋዋን አስወጣ። "እዚህ ቤት ከተቀመጠች ታብዳለች" ብለው ባሌን መከሩት። ነፋስ ስልክ ከነበረው ቤታችን አውጥተው ለቡ መብራት ኃይል፣ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው አስገቡን።

እሺ አልኩ። በዚያን ጊዜ "እሳት ውስጥ ግቢ" ቢሉኝም እሺ እል ነበር።

ከዚያ ወዲያ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዴ... አንድ ጊዜ ብቻ "እማ" ብላ እንድትጠራኝ።

በቃ ሌላ ነገር አልፈለግሁም።

አሁን ስለ ሥራዬ ትንሽ ልንገራችሁ፣ አለዚያ የሆነው አይገባችሁም።

እኛ ጋ ተረትና ልቦለድ በአንድ በኩል ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ስለ እውነተኛ ነገር የሚያወሩት መጻሕፍት አሉ። ስለ ኮከብ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ድሮ ነገሥታት። እነዚህ የሚደረደሩት በሚያወሩበት ጉዳይ ነው። ለየጉዳዩ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም መጽሐፉ ጀርባ ላይ ተለጥፏል።

ይህንን እንዲህ አድርጋችሁ ለልጅ ብታስረዱት ያዛጋባችኋል። ሞክሬዋለሁ።

መላውን ያገኘችው ዝማሬ ናት። "እማ፣ ሰፈር ነው በያቸው" አለችኝ አንድ ቀን።

እውነቷን ነው። ሁለት መቶ የሃይማኖት ሰፈር ነው። አምስት መቶ የተፈጥሮ፤ ኮከብ፣ ድንጋይ፣ የዱር አራዊት፣ ነፍሳት እዚያ ይኖራሉ። ስድስት መቶ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው፤ ሕክምናው፣ እርሻው፣ ወጥ ቤቱ፣ መኪናው። ኳስ ሰባት መቶ ነው። ታሪክ ዘጠኝ መቶ፣ ጥግ ላይ።

ከዚያ ታክሲ የሚባል ጨዋታ ፈጠረች።

አግዳሚ ወንበሩ ታክሲ ይሆናል። ልጆቹ መጽሐፍ አቅፈው ይቀመጣሉ። አንዱ ሾፌር፣ አንዱ ረዳት ነው። ረዳቱ "አምስት መቶ! አምስት መቶ! ኮከብ፣ ድንጋይ፣ አንበሳ ያለህ ግባ!" ብሎ ይጮኻል። የመጽሐፉ ሰፈር ሲደርስ ልጁ "ወራጅ አለ!" ይልና ወርዶ መጽሐፉን ቦታው ያስገባል።

ዝማሬ ረዳት ስትሆን ድምጿን ብትሰሙት! እውነተኛ ረዳቶች እንደዚያ አይጮኹም።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተስማምተን አናውቅም።

ስለ ንብ የሚያወራ አንድ ቢጫ መጽሐፍ አለ። ስለ ቀፎ፣ ስለ ማር አቆራረጥ ስለሆነ ቦታው ስድስት መቶ ነው፣ ከላምና ከዶሮ እርባታ አጠገብ። ዝማሬ ግን ይህ አይዋጥላትም። "ከላም ጋር ምን አላት? ንቧ ዘመዶቿ ጋ ትሂድ!" ትልና ሰርቃ አምስት መቶ ውስጥ፣ በጉንዳንና በቢራቢሮ መሃል ትሸጉጣታለች። እኔ እመልሳታለሁ። ዞር ስል እሷ ትወስዳታለች።

ንቧን እየተሻማን ኖርን።

እሷ ከሄደች በኋላ ታክሲ የሚባለውን ጨዋታ እርግፍ አድርጌ ተውኩት። "ወራጅ አለ" የሚለው ቃል ራሱ አስጠላኝ።

ዘንድሮ አዲስ ልጆች ተመዘገቡ። አንዳቸውም ዝማሬን አያውቋትም። ስሟንም ሰምተው አያውቁም። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳስረዳ ሁሉም ያዛጋሉ። እኔም መጨረሻ ላይ ተናደድኩና "ኑ እሺ፣ ታክሲ እንጫወት" አልኳቸው።

ያቺ ቅዳሜ ማለት ነው። ዘጠኝ ሰዓት።

ሰዒድ የሚባል ነገረኛ ልጅ አለ። አባቱ የምር ታክሲ ነጂ ነው፤ ስለዚህ ረዳትነቱን ማንም አይቀማውም። ሲጠራ፣ ሲያስገባ፣ ሲገፋ ቆየና...

"ሞልቷል! ሳበው!" አለ።

ቀና ብዬ አየሁ።

አልሞላም። ያኤል የምትባል ፀጥ ያለች ልጅ አለች፣ መነጽር የምታደርግ። ከእሷ ጎን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አለ።

"ሰዒድ፣ አንድ ሰው ይቀርሃል እኮ።"

"የቱ ጋ ቲቸር?"

"ያኤል ጎን።"

አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ቲቸር ደግሞ ቀልድ ትወጃለሽ" ብሎ ሳቀ። የዛሬ ልጆች "አንቺ" ነው የሚሉኝ፣ ለምጄዋለሁ።

እኔም ሳቅሁ። ልጅ አይደል? ጨዋታ ነው አልኩ።

ወዲያው አንድ ያረፈደ ልጅ መጣና መጽሐፉን ይዞ ቆመ።

"ተቀመጣ" አልኩት።

ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር አየው። "ቦታ የለም" አለኝ።

በዚህኛው ሳቅ አልመጣልኝም።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ መደርደሪያውን ስቃኝ ንቧን አየኋት።

አምስት መቶ ውስጥ። በጉንዳንና በቢራቢሮ መሃል።

መጽሐፎቹን ለልጆቹ ያደልኩት እኔ ነኝ። ንቧን ለማንም አልሰጠሁም።

"ራሴው ነኝ በልማድ ያስገባኋት" አልኩና መለስኳት። በሩን ቆለፍኩ። እየተመለስኩ ሁለት ጊዜ ቁልፉን ጎተትኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በሳምንቱ ደግመን ተጫወትን። ሰዒድ ያንኑ ባዶ ቦታ ትቶ "ሞልቷል!" አለ። ያኤል ወደ ጎን ሸሸት ብላ ተቀምጣለች፣ የሆነ ሰው ተጭኗት እንደሆነ ሁሉ።

ንቧም እዚያው። በጉንዳንና በቢራቢሮ መሃል።

"ንቧን እዚህ ያመጣት ማነው?" አልኩ። መቆጣቴ አልነበረም፣ ድምጼ ግን ከፍ ብሎ ወጣ።

ሰዒድ በአገጩ ወደ ባዶው ቦታ ጠቆመ።

"እሷ ናት" አለች ያኤል በቀስታ።

"እሷ ማን?"

"ያቺ ልጅ። እኔ ስድስት መቶ ነው ብያት ነበር። እንቢ አለች።"

"እንቢ ብላ... ምን አለች?"

ያኤል መነጽሯን አስተካከለች።

"'ንቧ ዘመዶቿ ጋ ትሂድ' አለች።"

መደርደሪያውን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ያንን ቃል ከእኔና ከልጄ በቀር የሚያውቅ የለም። የእናትና የልጅ ጨዋታ ነበር። ለአባቷ እንኳን ነግሬው አላውቅም።

ማታ እራት ላይ ለባሌ ነገርኩት። እስጢፋኖስ ይባላል፣ ብረት በያጅ ነው። በቤተ ክርስቲያናችንም ጸሎት ይመራል። ያንን ሁሉ ስነግረው ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ።

"ዝማሬ ጌታ ጋ ናት" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ጌታ ጋ ያለ ሰው ታክሲ አይጫወትም፣ ሸዋዬ።"

"ቃሏን ነው የተናገረችው እኮ! የራሷን ቃል!"

"ቃሏንማ ያውቃል።" ድምጹን ዝቅ አደረገ። "እሷን መስሎ የሚመጣ ነገር ቃሏን ሳያውቅ ይመጣል?"

"እስጢፍ..."

"ስሚኝ። አታናግሪው። አትጥሪው። ከሁሉ ከሁሉ... ወደ ቤት እንዳትጠሪው።"

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው።

"እኔስ የማልፈልጋት ይመስልሻል?" አለኝና አለቀሰ። ልጃችንን የቀበርን ዕለት ያላለቀሰ ሰው ነው።

ቃል ገባሁለት።

ቃሌ እስከ ቅዳሜ ነው የቆየው። ምን ላድርግ? እናት ነኝ።

ቅዳሜ ልጆቹን "የፈለጋችሁትን አንብቡ" አልኳቸውና ያኤልን ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ አንሾካሾክሁ።

"አሁን አለች?"

"አዎ።"

"የት?"

"መጽሐፎቹ ጋ ቆማለች። አንቺን እያየች ነው።"

ዞር አልኩ። መደርደሪያ። ግድግዳ። ከመስኮቱ የገባ ፀሐይ።

"ምን ለብሳለች?"

"ነጭ ቀሚስ። ግን አጥሯታል።"

ነጭ ቀሚስ አልብሰን ነው የሸኘናት። የመርካቶ ሰፊ ጋ ያሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ለበዓል ብዬ። ልክክ ያለ ነበር። ከጉልበቷ በታች ይደርስ ነበር።

"እንዴት... እንዴት አጠራት?"

"አድጋለች መሰለኝ" አለች ያኤል።

አፌን በነጠላዬ ያዝኩት። ልጆቹ እንዳይሰሙኝ ነው። ልጄ እዚያ ሆና አድጋለች... ማን አብልቷት? ማን ጸጉሯን ሠርቷት?

"ጫማስ አድርጋለች?"

"አላደረገችም። እግሯ አፈር በአፈር ነው።" ያኤል ትንሽ ወደ እኔ ተጠጋች። "ቲቸር..."

"ወዬ።"

"ዓይኗን አትጨፍንም። ዝም ብላ ነው የምታይሽ። ጭራሽ አትጨፍንም።"

እዚህ ላይ ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ዝማሬ ዓይኗን ቶሎ ቶሎ የምታርገበግብ ልጅ ነበረች። በዚህ አባቷ ሁልጊዜ ይቀልድባት ነበር።

ይዤ ልውጣ አልኩ፣ ያኤልንም ሁሉንም ልጆች ይዤ፣ በሩን ዘግቼ ልሂድ። እግሬ ግን አልታዘዝ አለኝ።

"ጠይቂልኝ" አልኩ። "ምን ትፈልጊያለሽ በያት።"

ያኤል አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆየች፣ የሩቅ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው።

"'ሰፈራችን የት ነው?' ትላለች።"

"ነፋስ ስልክ ነዋ!" አልኩ። ሳላስብ ነው የወጣኝ።

"ነፋስ ስልክማ ሄጄ ነበር ትላለች።" ያኤል ቃል በቃል ነው የምትነግረኝ፣ የተላከ ልጅ መልእክት እንደሚያደርስ። "ሌላ ሴትዮ ወጣች ትላለች። የእኔ አልጋ የነበረበት ቦታ ሌላ ልጅ ተኝቷል ትላለች። እማ የለችም ትላለች። አባም የለም።"

ምን ልበላችሁ...

ቤት ስትቀይሩ ለዘመድ ትናገራላችሁ፣ ለጎረቤት ትናገራላችሁ፣ ለዕድር ትናገራላችሁ። ለሞተ ልጅ ማን ይናገራል? እንዲህ ያለ ነገር ማን ይታሰበዋል?

"ሁልጊዜ ከዚህ ስትወጪ ትከተልሻለች" አለች ያኤል። "ታክሲ ሰልፉ ጋ ሰው ይጋፋና ትጠፊባታለሽ። ከዚያ ተመልሳ እዚህ ትገባለች። አንቺ የምትመጪበትን ቦታ ይሄንን ብቻ ነው የምታውቀው።"

ወይኔ ልጄ! ወይኔ ዝማሬዬ!

እኔ እኮ ያን ሁሉ ጊዜ በዚያ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬን ነበር የማየው። እሷ ከኋላዬ በባዶ እግሯ...

አለቀስኩ። ልጆቹ መጽሐፋቸውን ትተው አዩኝ። ሰዒድ ሶፍት አመጣልኝ፣ ያ ነገረኛ።

የእስጢፋኖስ ቃል ትዝ አለኝ። ወደ ቤት እንዳትጠሪው። የማይርገበገበው ዓይንም ትዝ አለኝ። አልረሳሁትም፤ "ያን ጊዜ አላሰብሽም" እንዳትሉኝ። አስቤያለሁ።

ግን እናንተ ብትሆኑስ? መንገድ የጠፋባት ልጅ "እማ፣ ቤታችን የት ነው?" ስትል መጀመሪያ መታወቂያ ነው የምትጠይቁት?

ተነሳሁ። ፊቴን ጠረግሁ። ልጆቹን ሰበሰብኩና ጠመኔ አነሳሁ።

"ዛሬ ስለ ቁጥር ነው የምንማረው" አልኩ። "የመጽሐፍ ቁጥር ማለት አድራሻ ነው። የፊተኛው ሰፈሩን ይነግራችኋል። አምስት ካለ የተፈጥሮ ሰፈር ነው። ሁለተኛው መንገዱን ይነግራችኋል። አምስት መቶ ሃያ የኮከብ መንገድ ነው፤ አምስት መቶ ዘጠና የእንስሳት መንገድ። ሦስተኛው እቤቱ ያደርሳችኋል። ቁጥሩን ያወቀ ሰው አይጠፋም። ገባችሁ?"

"ገባን!"

"ማንም አይጠፋም። እሺ?"

"እሺ!"

"አሁን ደግሞ ለመለማመጃ... የቲቸርን ቤት እንፈልግ።"

ልጆቹ ደስ አላቸው። ሰሌዳው ላይ ሣልኩት፣ መንገዱን፣ ፎቁን፣ ደረጃውን።

"ሰፈሩ ለቡ መብራት ኃይል ነው። ከዚህ ከአቦ የለቡ ታክሲ ትይዛላችሁ። መብራት ኃይል ጋ ትወርዳላችሁ። ዳቦ ቤቱን አልፋችሁ ወደ ቀኝ። ከፋርማሲው ጀርባ ያለው ብሎክ። ሦስተኛ ፎቅ ትወጣላችሁ፣ በግራ በኩል፣ ቡናማ በር።"

ልጆቹ በኅብረት ደገሙት።

"ሦስተኛ ፎቅ! በግራ በኩል! ቡናማ በር!"

"ደጃፉ ላይ የአባ የሥራ ጫማ አለ፣ በብየዳ የተቃጠለው" አልኩ። "ያንን ጫማ መቼም አትረሺውም።"

ሰዒድ ዞር ዞር ብሎ አየ። "ማንን ነው ቲቸር?"

አልመለስኩለትም። "ደግመን!" አልኩ። ደግመን አልነው። አሁንም ደግመን። ድምጼ እስኪዘጋ ድረስ አስደገምኳቸው።

ያኤል ወደ መጽሐፎቹ አየችና ጭንቅላቷን ነቀነቀችልኝ።

"ገባት" አለች።

ዘግቼ ስወጣ ቀስ ብዬ ተራመድኩ። ወደ ኋላዬ አላየሁም። ሰልፉ ላይ ሰው ሲጋፋ እጄን ከቦርሳዬ ላይ አንስቼ ወደ ታች ተውኩት፣ ልጅ የምትይዘው ዓይነት አድርጌ።

ምንም አልነካኝም።

ታክሲው መጣ። ገባሁና መስኮት ጋ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። አንድ ሰውዬ ውጪ ቆሞ መግባት ፈልጓል። ረዳቱ ወጣት ነው፣ አይቼውም አላውቅም። አንገቱን አስገብቶ አየኝ።

"እናት፣ ልጅቷን እቀፊያትና ሰውዬው ይግባ።"

ወደ ባዶው ወንበር ዞርኩ።

ረዳቱ ቸኩሏል። "እቀፊያት እንጂ እናት፣ ትንሽ ልጅ እኮ ናት!"

ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ። እጄን ዘረጋሁ። አቀፍኩ።

ሰውዬው ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጉልበቱን ሰብስቦ፣ የልጅ እግር እንዳይነካ የሚጠነቀቅ ሰው አቀማመጥ ተቀምጦ ስልኩን ማየት ጀመረ።

ጭኔ ላይ ክብደት የሚባል ነገር አልተሰማኝም። ቅዝቃዜ ነው የተሰማኝ። እርጥብ ልብስ የታቀፍኩ ያህል ቀሚሴን አልፎ ገባ።

"ዝማሬዬ" አልኩ በሹክሹክታ።

"እማ" አላለችኝም። እስከ መብራት ኃይል ድረስ ጠበቅሁ። አላለችኝም።

ቤት ስደርስ የእስጢፋኖስ ጫማ ደጃፉ ላይ አለ። በሩን ከፍቼ ትንሽ ቆየሁ።

"ዝጊው እንጂ፣ ብርድ ገባ" አለኝ ከውስጥ።

ዘጋሁት። ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ ቤቱን አየሁት።

አንድ መኝታ ቤት። አንድ አልጋ። የእሷ የሆነ አንድም ነገር የለም። ብርጭቆዋ የለም፣ ብርድ ልብሷ የለም፣ ፎቶዋ የለም። ሥራዬ ለሁሉ ነገር ቦታ መፈለግ ነው፤ መጽሐፍ ይዞ የመጣ ልጅ ሁሉ "ቲቸር፣ ይሄ የት ነው?" ሲለኝ ዓይኔን ጨፍኜ እነግረዋለሁ። ልጄን ግን መንገድ አስጠንቼ አመጣኋትና... የት ልበላት?

ለእስጢፋኖስ አልነገርኩትም። እሱም ምንም አልጠየቀኝም። ከመተኛታችን በፊት ሲጸልይ ግን ድምጹ ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር።

በማግስቱ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ዘመርን። መጥተን ምሳ በላን። ከሰዓት በኋላ ጋደም አልን።

ፀሐዩ መጋረጃውን አልፎ ግድግዳው ላይ አርፏል። ታች ልጆች ይጫወታሉ። እስጢፋኖስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፣ እኔ በዳር በኩል ነኝ፣ ፊቴን ወደ እሱ ጀርባ አድርጌ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

"ሸዋዬ..."

በሹክሹክታ ነው። አልዞረም።

"እ?"

"ሳትነግሪኝ።"

"ምኑን?"

ጀርባው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እያለቀሰ ነው፣ ድምጽ ሳያሰማ።

"አትጥሪው ብዬሽ ነበር..."

"ይቅር በለኝ" አልኩ። "መንገዱ ጠፍቷት ነው። ቤታችን ጠፍቷት ነው እስጢፍ።"

የታች ልጆች ሳቁ።

ከዚያ፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሳ፣ ወደ ግድግዳው የበለጠ ተጠጋ።

"ወደ እኔ ጠጋ በይ" አለኝ።

"ምን?"

"ትንሽ ጠጋ በይ... ጫፍ ላይ ናት። ልትወድቅ ነው።"

ጠጋ አልኩ።

ከኋላዬ ፍራሹ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ።

ሁለታችንም አልዞርንም።